መጀመሪያ እናቷን አሳዩኝ

ጃክን የገዛነው ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ማታ ሞተ።

ጊዜው 2004 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ። ሰፈር ውስጥ ሌባ በዝቶ አባባ "አንድ ደህና ውሻ እንፈልግ" አለ። ያኔ ደህና ውሻ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ የሚሄደው ወደ ጀርመን ውሻ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ብሩን ተቀብለን ወጣን። አንድ ወጣት አራት ቡችሎች በካርቶን ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል። ሦስቱ ተኝተዋል። አራተኛው የካርቶኑን ጠርዝ እየቧጠጠ ያለቅሳል። "ዋናው ጀርመን ነው፤ አባቱ የፖሊስ ውሻ ነው" አለን። ዕድሜውን ስንጠይቀው "ሁለት ወር ሞልቶታል" አለ። እናቱስ? "እሷ ሰንዳፋ ናት።" ከዚያ በኋላ ስለ እናቱ ያነሳ የለም። ዋጋ ተከራከርን፣ ትንሽ ቀነሰልን፣ ከፈልን። ወንድሜ ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦት ታክሲ ተሳፈርን።

እሑድና ሰኞ ግቢውን ሲያስስ ዋለ። ማክሰኞ ወተቱን አሽትቶ ተወው። ረቡዕ ያስመልሰው ጀመር፤ ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ መጣ። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ታቅፈነው ስንገባ የእንስሳት ሐኪሙ ገና በር ላይ ሳለን "ፓርቮ ነው" አለ። ጉሉኮስ ሰካለት። ከንፈሩን ገልጦ ድዱን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና ለቀቀ። ነጭ እንደሆነ ቀረ። ቀጥሎ አፉን ከፍቶ እኔን ጠራኝ። "ሁለት ወር የሞላው ቡችላ የወተት ጥርሱን ጨርሷል፤ 28 ናቸው። የዚህን የኋላውን ተመልከት፤ ገና እየወጣ ነው። አምስት ሳምንት ቢሆነው ነው።"

ወንድሜ ፈራ ተባ እያለ "እኛ ቤት የሆነ ነገር በልቶ ይሆን?" ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ።

"ከእናንተ ቤት አልያዘውም። ይዞት ነው የመጣው።"

ይህ ንግግር ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም። ትርጉሙ የገባኝ ግን ቆይቶ፣ ሳነብ ነው። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ቡችላው ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይወስዳል። ጃክ ካርቶኑን ሲቧጥጥ በሽታው ውስጡ ነበር ማለት ነው። በሽታው ራሱ የቆየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ዓለምን አዳረሰ፤ ከዚያ በፊት ውሾች ላይ እንዲህ ሆኖ የሚታወቅ ነገር አልነበረም። አፈር ውስጥ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ሐኪሙ ሲሚንቶውን በበረኪና እንድናጥብና ዓመት እስኪያልፍ ያልተከተበ ቡችላ ግቢው እንዳናስገባ ነገረን። አባባ ከነጭራሹ ሌላ ውሻ አላመጣም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እናቲቱ የተከተበች ከሆነች በእንገሯ ለልጆቿ መከላከያ ታካፍላቸዋለች። ያ መከላከያ በየሳምንቱ እየሳሳ ይሄዳል። ሳያልቅ ግን ክትባቱን ራሱን ያከሽፈዋል። ቡችላ አንዴ ተወግቶ የማይበቃው ለዚህ ነው። ከስድስት ወይም ከስምንት ሳምንቱ ጀምሮ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ እየተደጋገመ፣ ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላው መቀጠል አለበት። ጃክ ምን ዓይነት እናት እንደነበረችው አላውቅም። ተከትባ ይሁን አትሁን፣ እንገሯን ይጥባ አይጥባ የሚነግረን አልነበረም። ሰንዳፋ ናት፣ በቃ።

ዓመታት አለፉ። አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ስምንት ዓመት ሲሞላት ውሻ፣ ውሻ ማለት ጀመረች። ባለቤቴ መጀመሪያ አልፈለገችም፤ ከጊዜ በኋላ ግን ተስማማች። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ስልክ ላይ "ውሻ ቤት ውስጥ? እናንተ ከምትተኙበት?" አለችኝ። እሷን ማሳመን እስከ ዛሬ አልጨረስኩም። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነበር። ልጄ እኔ ያየሁትን እንዳታይ ፈራሁ።

ያሰብነው ያንኑ የጀርመን ውሻ ነው። ይህ ዝርያ ዕድሜው ትንሽ ነው፤ በጀርመን ማኅበሩ ተቋቁሞ የመጀመሪያው ውሻ፣ ሆራንድ የሚባለው፣ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ከጥቂት ውሾች ተነስቶ የበዛ ዘር ከጥሩው ጋር መጥፎውንም ይወርሳል። የጀርመን ውሻ ብልህነቱን የወረሰውን ያህል የዳሌ መገጣጠሚያ ችግርም አለበት። የጭኑ አጥንት ራስ ከዳሌው ጎድጓዳ ጋር በደንብ አይገጥምም፤ ይላላል፣ ይፋጫል፣ ውሎ አድሮ ያቆስላል። ቡችላ ሳለ ቁጭ ብላችሁ ብታዩት ምንም አታዩበትም። ሮጦ ይጫወታል። ችግሩ የሚወጣው ልጆቻችሁ ከለመዱት በኋላ ነው።

መጀመሪያ ያገኘነው ሻጭ ፎቶ ላከልን። የሚያማምሩ ቡችሎች፣ ከኋላቸው አበባ። ቀለማቸው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው። "ብርቅ ነው" ብሎ 3,500 ዶላር ጠየቀ። በኋላ ስንመለከት ይህ ቀለም በዝርያው መለኪያ ላይ እንደ ከባድ ጉድለት የሚቆጠር ሆኖ አገኘነው። እሱ ግን ዋጋ መጨመሪያ አድርጎታል። ስለ ጤናቸው ስጠይቀው "ሁሉም ሐኪም አይቷቸዋል" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ሐኪም ካያቸው ምን እፈልጋለሁ? ግን ያ የጃክ ሐኪም ድምፅ መጣብኝና "እናትየዋ ዳሌዋን ኤክስሬይ ተነስታለች?" ብዬ ጠየቅሁት። ቆይቶ መለሰ። "ጤነኛ ናት። ገና 14 ወሯ ነው፤ የመጀመሪያ ወሊዷ ነው።"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሐኪም አየ ማለት ልቡን አዳመጠ፣ ዓይንና ጆሮውን ተመለከተ፣ ሙቀቱን ለካ ማለት ነው። ጥሩ ነው፤ ግን የወላጆቹን አጥንት አላየም። አሜሪካ ውስጥ ኦኤፍኤ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የሚሠራ ድርጅት አለ። የውሻው የዳሌ ኤክስሬይ ይላክለታል። ሦስት ባለሙያዎች ለየብቻ ያነቡታል። ከዚያ በሰባት ደረጃ ውጤት ይሰጣል፤ ሦስቱ ላይኛዎቹ የሚያልፉ ናቸው። የመጨረሻውን ውጤት ለማግኘት ውሻው 24 ወር መሙላት አለበት። እንግዲህ በ14 ወሯ የወለደች እናት ይህን ውጤት ልታገኝ የምትችልበት መንገድ የለም። ሰውየው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ብቻ አልጠበቃትም። ገና ራሷ አድጋ ያልጨረሰች ውሻ አስወልዷል።

የዘር ወረቀትም እንደዚሁ ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ1884 የተመሠረተው የአሜሪካ ኬኔል ክለብ የሚሰጠው ወረቀት የውሻው አባትና እናት እነማን እንደሆኑ ይናገራል። ጤነኛ ነው አይልም፤ ክለቡም እንዲህ ብሎ አያውቅም። ወረቀት ያለው በሽተኛ ውሻ ሞልቷል። የወረቀቱ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ሌላ ነው፤ የእናትየዋን የተመዘገበ ስም ታገኙበታላችሁ። ያን ስም ኦኤፍኤ ድረ ገጽ ላይ ጽፎ መፈለግ ነጻ ነው። ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ቁጭ ብዬ እነዚህን ስሞች ስፈልግ አመሽ ነበር። ብዙዎቹ ምንም አይወጣላቸውም።

አንድ ማታ ግን አንዲት ወጣችልኝ። ዳሌ፦ ጥሩ። ክርን፦ ችግር የለም። ባለቤቷ ፔንሲልቬኒያ የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ደወልኩላቸው። ቡችላ ይሸጡልኝ እንደሆነ ልጠይቅ ነው የደወልኩት፤ እሳቸው ግን አርባ አምስት ደቂቃ ያህል እኔን ጠየቁኝ። አጥር አላችሁ? ቀን ቤት ማን ይውላል? ልጃችሁ ስንት ዓመቷ ነው? ለእረፍት አገራችሁ ስትሄዱ ውሻው የት ያድራል? ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ? ምን ሆነ?

ስለ ጃክ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። መጨረሻ ላይ "እናቱን አላያችኋትም" አሉ።

"አላየናትም።"

"በሉ እንግዲህ መጥታችሁ የኔን እዩ። ቡችላ ግን አሁን የለኝም። ስድስት ወር ትጠብቃላችሁ።"

እኛ አገር "እናቷን አይተህ ልጇን አግባ" ይባላል። መኪና ውስጥ ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀች፤ ነገሩ ግን ለውሻም ትክክል ነው። ግቢያቸው ስንደርስ እናትየዋ መጥታ እጃችንን አሸተተች። አልጮኸችም፣ አላጎነበሰችም፣ ከሴትዮዋ ኋላም አልተደበቀችም። ትንሽ ቆማ አየችንና የልጄ እግር ላይ ተጋደመች። ልጄ መተንፈስ እንኳን የፈራች መሰለች። ቡችላ የእናቱን ጠባይ በደም ይወርሳል፤ በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እሷን እያየ ነው የሚማረው። ሰው ሲመጣ የምትደነግጥ እናት ልጆቿንም ታስደነግጣለች።

አባቱ እዚያ አልነበረም። ይህ መጀመሪያ አሳስቦኝ ነበር። ሴትዮዋ አስረዱኝ፦ ጥሩ አርቢ ለእናትየዋ የሚስማማውን ወንድ ሌላ ከተማም ቢሆን ሄዶ ይፈልጋል። ግቢ ውስጥ ያለው ስለሚቀርብ ብቻ አያገናኛቸውም። የአባትየውን ስምና ውጤት ሰጡኝ፤ እኔም ፈልጌ አገኘሁት። የእናት አለመኖር ግን ሌላ ነገር ነው። ቡችሎቹ ስምንት ሳምንት እስኪሞላቸው ከእሷ ጋር መሆን አለባቸው። እሷ ከሌለች አንድ የተደበቀ ነገር አለ። የእንግሊዝ ሕግ አሁን ይህንኑ ይላል። ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅ ነግራኝ ነው ያነበብኩት፤ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላ በሦስተኛ ወገን፣ በነጋዴ በኩል መሸጥ እዚያ ክልክል ነው። ገዢ ቡችላውን ከእናቱ ጋር፣ በተወለደበት ቦታ ማየት አለበት። ሕጉ የተጠራው ከቡችላ ማምረቻ በወጣች አንዲት እናት ውሻ ስም ነው፤ ሉሲ ትባል ነበር። እኛም አገር ሜሪላንድ ከ2020 መጀመሪያ አንስቶ የቤት እንስሳት ሱቆች ውሻና ድመት እንዳይሸጡ ከልክላለች።

ያን ዕለት ቆርጬ እንድወስን ያደረገኝ ግን እናትየዋም ኤክስሬዩም አልነበረም። ደብተር ነበር።

ሻይ አቀረቡልንና ከመሳቢያ ጥቁር ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር አወጡ። በእጃቸው ያለፈ ቡችላ ሁሉ አንድ መስመር አለው። የተወለደበት ቀን፣ የሄደበት ቤት፣ ሁለት ዓመቱ ላይ የተነሳው ኤክስሬይ፣ ሲሞት ደግሞ በምን እንደሞተ። አንድ ገጽ ላይ ሁለት መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። ጣታቸውን አሳረፉበት። "የእነዚህ እናት ዳሌዋ ጥሩ ነበር። አባታቸውም። ከስድስቱ ሁለቱ ግን ተበላሸባቸው። ከዚያ በኋላ እሷን አላስወለድኳትም፤ ሶፋዬ ላይ አርጅታ ሞተች።" የዳሌ ችግር በአንድ ዘረ መል የሚመጣ አይደለም፤ ብዙ ተደራርበው ነው፣ በዚያ ላይ አመጋገብና ክብደት ይጨመርበታል። ጥሩ ወላጆች አደጋውን ይቀንሱታል እንጂ አያጠፉትም። "ችግር ፈጽሞ አይኖርም የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ" አሉን።

የሚሸጥልኝ ሰው የከሸፈበትን አውጥቶ ሲያሳየኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሌላ ያስረዱኝ ነገር ስለ አከርካሪ በሽታ ነው። ይህ ዝርያ ሲያረጅ፣ ብዙ ጊዜ ከስምንት ዓመቱ በኋላ፣ የኋላ እግሮቹ ቀስ በቀስ የሚከዱበት በሽታ አለ። ሕመም የለውም፤ መድኃኒትም የለውም። ለዚህ የዘረ መል ምርመራ አለ። አደጋ ላይ የሚወድቀው ከእናቱም ከአባቱም የተበላሸውን ቅጂ የወረሰ ነው። አባትየው አንድ ቅጂ የሚሸከም ነበር፤ እናትየዋ ግን ንጹሕ ናት። ስለዚህ ከልጆቻቸው ሁለቱንም የሚያገኝ አይኖርም። በወረቀት ላይ ሥለው ሲያሳዩን ልጄ ከእኔ ቀድማ ገባት።

ቡችሎቹ ተወለዱ፤ ስድስት ናቸው። ሰባተኛ ሳምንታቸው ላይ ሄድን። የሚያድጉት ማድ ቤት ጥግ ነው። አጠገባቸው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሽከረከራል፣ ሬዲዮ ይጮኻል፣ የጎረቤት ልጆች ይመላለሳሉ። ሴትዮዋ ይህን ሆን ብለው ነው ያደረጉት። ከሦስት ሳምንት ገደማ እስከ 14 ሳምንት ቡችላ ዓለም ምን እንደሆነች የሚማርበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ያላየውን ነገር በኋላ ይፈራዋል። ከሰው ርቆ ጋጣ ውስጥ ያደገ ቡችላ ይህን ጊዜ ያጣዋል፤ ማካካሱ ከባድ ነው።

እኔ በበኩሌ እንደ ሐኪም ሆኜ አንድ በአንድ አየኋቸው። ዓይናቸው ጥርት ያለ ነው፣ አፍንጫቸው ፈሳሽ የለውም። ድዳቸውን ጫን አድርጌ ለቀቅሁ፤ ወዲያው ሮዝ ሆነ። እጄ መንቀጥቀጡን ባለቤቴ አይታለች። ሆዳቸውን ዳሰስኩ። ከስቶ ሆዱ ብቻ የተነፋ ቡችላ ብዙ ጊዜ ትል አለበት፤ ትሉ ገና ሳይወለድ ከእናቱ ይተላለፍበታል፣ በወተቷም ይመጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከሁለት ሳምንቱ ነው የሚጀመረው። የተሰጠበት ቀን ሁሉ ካርዳቸው ላይ ተጽፏል።

ልጄ የፈለገችው ቀይ አንገትጌ ያደረገውን ነው። ከሁሉ ቀድሞ ሮጦ መጥቶ የጫማዋን ክር የነከሰው እሱ ነው። "መረጠኝ!" አለች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው "የኔ ቆንጆ፣ እሱ ሁሉንም ሰው እንዲህ ነው የሚመርጠው። ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚሰጠው ቤት ያስፈልገዋል" አሏት። ከዚያ የድስት ክዳን አንስተው ወለሉ ላይ ጣሉት። ስድስቱም ዘለሉ። አንዱ ከእናቱ ሥር ገባ። አረንጓዴ አንገትጌ ያላት ሴቷ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች፤ ቆመች፤ ክዳኑን አየችው። ከዚያ እግሯን እየጎተተች መጥታ አሸተተችው፣ በመዳፏም ነካችው። "የእናንተ ይህቺ ናት" አሉ። "መደንገጥ ችግር የለውም። ተመልሶ መምጣቱን ነው የምፈልገው።"

ልጄ መኪና ውስጥ ትንሽ አለቀሰች። ዳማ ብላ ስም ያወጣችላት ግን እዚያው መንገድ ላይ ነው።

ሳምንት ቆይተን ልንወስዳት ስንሄድ ውል ፈረምን። ማይክሮቺፕ ተደርጎላታል። የምትወልዳቸው ልጆች እንዳይመዘገቡ ገደብ ተጽፏል። ሁለት ዓመቷ ላይ ኤክስሬይ እንድናስነሳት ተስማምተናል። ከሁሉ የበለጠ ደጋግሜ ያነበብኩት ግን አንዱን ነው፦ በማንኛውም ዕድሜዋ፣ በማንኛውም ምክንያት ልናሳድጋት ካልቻልን ወደ እሳቸው ትመለሳለች። ለሌላ አንሸጥም፣ ለመጠለያ አንሰጥም። ዋጋዋ 2,500 ዶላር ነበር። ለእናቴ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ብዙ ገንዘብ ነው፤ አልክድም። ያ ግራጫ ቡችላ ግን 3,500 ነበር፣ ከጀርባው ምንም ሳይኖር።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ አምና ውሻ ሊገዛ ተነሳ። እዚያ ማታ ቁጭ ብሎ የእናትየዋን የኤክስሬይ ውጤት ከድረ ገጽ መፈለግ ላይሆንለት ይችላል። "መጀመሪያ እናቷን አሳዩኝ በል" አልኩት። "ያለችበት ድረስ ሂድ። የክትባት ካርዷን ጠይቅ። ጥርሱን ቁጠር። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው አትውሰድ። ወስደህም የእብድ ውሻውን ክትባት በሦስት ወሩ እንዳትረሳ።" በቴሌግራም ያገኘው ሻጭ መጀመሪያ መንገድ ላይ እንገናኝ አለው። ወንድሜ እምቢ አለ። ሲለማመጠው ሰውየው ግቢው ወሰደው። እናትየዋ በአጭር ሰንሰለት ታስራለች፣ ጎድኗ ይቆጠራል፣ ሰው ሲቀርባት መሬት ላይ ትለጠፋለች። ወንድሜ "ቡችሎቹ ግን በጣም ያምሩ ነበር" አለኝ። ባዶ እጁን ተመለሰ። ደውሎ ይህን ሲነግረኝ ሁለታችንም ስለ ማን እንደምናስብ ገብቶን ነበር፤ ስሙን ግን አላነሳነውም።

በመጨረሻ ከጎረቤቱ የሐበሻ ውሻ ወሰደ። እናትየዋን ስድስት ዓመት ያውቃታል። ልጆቹን ከትምህርት ቤት መልስ በር ላይ የምትቀበላቸው እሷ ነበረች።

ዳማ ባለፈው መጋቢት ሁለት ዓመት ሞላት። አደንዝዘው በጀርባዋ አስተኝተው ኤክስሬዩን አነሱ። ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት ጠበቅን። ልጄ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ "መጣ?" ትላለች። አንድ ዓርብ መጣ። ዳሌ፦ ጥሩ።

ለሴትዮዋ ደወልኩላቸው። ስልኩን አስቀምጠው ሲሄዱ፣ መሳቢያው ሲሳብ፣ ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ። "እሺ" አሉ ተመልሰው፤ "ቀኑን ንገሩኝ፣ ልጻፈው።"